የፈረንሳይ ልጆችን ቤቴ አሳድሬ እንግሊዝኛ ባስተምር ቪዛችንን ይነካዋል?

የሄስቲንግሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ እንግሊዝ አገር በኬር ስራ (አረጋውያንን የመንከባከብ) ቪዛ ነው የመጣው፣ እኔ ዲፔንደንት ነኝ፣ በሱ ቪዛ ስር ነው ያለሁት። አገር ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። አንዲት ፈረንሳዊት እናት በሰው በኩል አግኝታኝ ልጇንና ሁለት ጓደኞቹን ኦገስት ላይ ለሁለት ሳምንት ልላክልሽ አለችኝ። እኔው ቤት አድረው ጠዋት ጠዋት አስተምራቸዋለሁ፣ ከሰዓት ባህሩ ጋ እያዞርኩ አስወራቸዋለሁ። 13 እና 14 ዓመታቸው ነው። ገንዘቡ ለኛ ቀላል አይደለም፣ እህቴም የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ላኪ እያለች ጨቅጭቃ ልትገድለኝ ነው። የፈራሁት ቪዛችንን ነው። ቤቱ ደግሞ የኪራይ ነው። የሞከራችሁ አላችሁ?

ጋሽ ታክስ፦
እህቴ ቀስ በይ። ዲፔንደንት መስራት ትችያለሽ፣ በግልም ቢሆን። ባለቤትሽ ግን እጁን እንዳያስገባ፣ የሱ ቪዛ ካሰሪው ጋር የታሰረ ነው። ጣጣው ያለው ከልጆቹ በኩል ነው። ጎብኚ ሆኖ የገባ ሰው እንግሊዝኛ መማር የሚችለው እውቅና ባለው ተቋም ነው። እስከ 30 ቀን የሚፈቀድ የመዝናኛ ኮርስ የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ግን እንግሊዝኛን በስም ጠርቶ አስወጥቶታል። ስለዚህ ከእናትየዋ ጋር በቀጥታ አትዋዋይ። ተማሪን አስተማሪው ቤት የሚያሳድሩ፣ በብሪቲሽ ካውንስል እውቅና ያላቸው ኤጀንሲዎች አሉ፣ በነሱ በኩል ግቢ። የዲቢኤሱንም (የወንጀል ታሪክ ማጣሪያውን) ጉዳይ እነሱ ይነግሩሻል፣ ባለቤትሽም ያንን መጠየቁ አይቀርም።

ልጆቹ በግል ከመጡ ፓስፖርት የግድ ነው፣ ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ደግሞ ኢቲኤ፣ ከጉዞ በፊት የሚወጣ ፈቃድ ነው። በመታወቂያ መግባት የተፈቀደው ከትምህርት ቤት ጋር በቡድን ለሚመጡ ነው፣ ለሶስት ጓደኛሞች አይሰራም። ታክሱን በተመለከተ፣ ለማደሪያና ለምግብ የምትቀበይው በዓመት እስከ 7,500 ፓውንድ ነጻ ነው፣ ሬንት ኤ ሩም ይሉታል። የማስተማሪያው ለብቻ ይቆጠራል፣ ከ1,000 ፓውንድ ካለፈ ተመዝገቢ። ከ16 ዓመት በታች የሆነ የሰው ልጅ 28 ቀን ካስቀመጥሽ ካውንስሉ (የአካባቢሽ አስተዳደር) ማወቅ አለበት፣ ያንቺ ሁለት ሳምንት ስለሆነ እዚያ አትደርሺም።

የቦርንማውዟ እናት፦
እኔ ባላስተምርም ተማሪ አሳድራለሁ። ወረቀቱን ጋሽ ነግሮሻል፣ እኔ ኑሮውን ልንገርሽ። ሶስቱን አንድ ክፍል ካስገባሻቸው ሁለቱንም ሳምንት ፈረንሳይኛ ሲያወሩ ነው የሚያድሩት። እኔ ቤት ከመጡት አፋቸው የተፈታው ከልጆቼ ጋር ኳስ ሲጫወቱ የዋሉት ናቸው። ከሰዓት ላይ ጣፋጭ ነገር አዘጋጂ፣ ጉቴ ይሉታል፣ ካላገኙት ያኮርፋሉ። ዳቦ ገበታው ላይ ከሌለ ምሳው የቀረበ አይመስላቸውም። እንጀራ ግን ወደውልኛል፣ በእጅ መብላቱ ነው መሰለኝ! ደግሞ ኦገስት ፍልሰታ መሆኑን እንዳትረሺ። አንቺ ጾመሽ ዶሮ ስትጠብሺላቸው ሽታው ነው የሚፈትንሽ።

ከሊድስ፦
ፍልሰታ ስትሉ ሆዴ ባባ። አገር ቤት ሰፈሩ በሙሉ ነበር የሚጾመው፣ ልጆቹ ሳይቀሩ። እዚህ ከናይት ሽፍት ወጥቼ ቅዳሴ ላይ ቆሜ አንቀላፋለሁ። ስለ እህትሽም አንድ ነገር ልበል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ፓውንዳችን ብዙ ብር ሊያመጣ ነው ብለን ነበር፣ ኑሮውም አብሮ ተሰቀለ፣ የሚጠየቀውም እንደዚያው። ገና ያልገባ ገንዘብ ይዘሽ ቃል እንዳትገቢላት።

ዝም አልልም፦
ይቅርታ ግን ያቺ እናት ልጇን የምትልከው ፈረንጅ ቤት መስሏት እንዳይሆን። ነግረሻታል?

የሄስቲንግሷ፦
በቪዲዮ አውርተናል፣ አይታኛለች። ሰዋስው የማስረዳ ሰው ነው የምፈልገው ነው ያለችኝ።

ዝም አልልም፦
ይሁን። ግን አያስቅም? ለፈረንሳይ ልጅ እንግሊዝኛ እናስተምራለን፣ የራሳችን ልጆች ግን አያታቸው ስትደውል «ደህና ነኝ» ብለው ስልኩን መልሰው ይወረውሩልናል። መጀመሪያ የቤታችንን አማርኛ እናስተምር።

የቦርንማውዟ እናት፦
ቀኑን ሙሉ አሮጊት ሳነሳ ሳስቀምጥ ውዬ ነው የምገባው፣ በየትኛው ጉልበት ነው ሀ ሁ የማስቆጥረው?

ዝም አልልም፦
ለፈረንሳዩ ሲሆን ጉልበቱ ከየት መጣ?

የቦርንማውዟ እናት፦
እሱ ይከፍለኛላ! ቤት ኪራይ በአማርኛ አይከፈል።

ጋሽ ታክስ፦
ከርዕሱ አትውጡ። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ቪዛ ነው።

ዝም አልልም፦
ጋሼ፣ ርዕሱማ ይሄው ነው። ያንተ ልጆች አማርኛ ይችላሉ?

ጋሽ ታክስ፦
ይሰማሉ።

ዝም አልልም፦
ሁሉም «ይሰማሉ» ነው የሚለው።

የሄስቲንግሷ፦
ለአንድ ኤጀንሲ ጽፌያለሁ፣ አመሰግናለሁ። አከራዩን ግን አስቀድሜ ላስፈቅድ ወይስ ኤጀንሲው እሺ ካለ በኋላ? የቤት ኢንሹራንሱስ?

ከሊድስ፦
እኛ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ክፍል አለ። አስተማሪው በነጻ ነው የሚያስተምረው፣ ወላጆች ግን ልጆቻቸውን ዋና ይወስዷቸዋል።

ዝም አልልም፦
እኔ ምን አልኩ? ዋናው 9 ፓውንድ ከፍለውበት ነው እኮ!

የቦርንማውዟ እናት፦
አንተ ልጅ አለህ ለመሆኑ?