የኤሲ128 ትራንዚስተር ምትክ የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም ወገኖች። ፒያሳ ሬዲዮ እጠግናለሁ። አንዲት አዛውንት እናት «ሌላ አልፈልግም» ብለው ያመጡልኝ ባለ 9 ቮልት ሬዲዮ አስቸግሮኛል። የድምፅ ማውጫው ጥንድ ኤሲ128 ተቃጥሏል፤ ከጀርማኒየም የተሠራ፣ ፒኤንፒ የሚባለው ዓይነት ነው።

በእጄ ያለው የሲሊከኑ ቢሲ327 ነው። ጀርማኒየሙ በ0.2 ቮልት ገደማ ሲከፈት፣ ይኼኛው ወደ 0.6 ቮልት ይፈልጋል። ባያሱን፣ ማለትም ትራንዚስተሩን በትንሹ ከፍቶ የሚያቆየውን ቮልቴጅ፣ ሳላስተካክል ብበይደው ድምፁ ዝቅ ሲል ይሻክራል። የባያስ ሬዚስተሩን አንስቼ በቦታው አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ ባስገባ ይበቃል? ከጎኑ ያለው በሙቀት የሚለዋወጠው ሬዚስተር፣ ቴርሚስተሩስ፣ ይቆይ ወይስ ይውጣ? ደግሞ ኤሲ128 ክብ የብረት ቆብ ስላለው ሙቀቱን በመቆንጠጫ ወደ ሻሲው ያስተላልፋል፤ የቢሲ327 ፕላስቲክ ግን አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነውና መቆንጠጫው አይይዘውም።

ጥንዱ የተመጣጠነ ኤሲ128 አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ሰው ካለ ግን እሱን እመርጣለሁ፤ የሬዲዮው የቀድሞ ድምፅ እንዳይለወጥባቸው እፈልጋለሁ። እባካችሁ የሠራችሁት ጠቁሙኝ።