አሰልጣኛችን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ስዊንግ (የጎልፍ ዱላ አወዛወዝ) ነው የሚያስተምረው፤ ልቀጥል?

ዘግይቶ ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 54 ነው፤ ጎልፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ። ቀኝ እጅ ተጫዋች ነኝ፤ ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እየታጠፈ አስቸገረኝ። ይህን ላስተካክል ብዬ ስምንት ጊዜ ተማርኩ። ክፍሉ ውስጥ አራት ነን፤ አንዱ እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ለእሱም ለእኔም የሚነገረን አንድ ነው፦ ትከሻ 90 ዲግሪ ይዙር፣ የግራ ተረከዝ ከመሬት አይነሳ።

እኔ ወገቤን ታምሜ ነበር፤ ዳሌዬ እንደ ድሮው አይዞርም። 90 ዲግሪ ለመድረስ ስታገል የግራ ክንዴ ይታጠፋል፣ ሚዛኔን እስታለሁ። ማታ ወገቤን ይዤ ነው የምተኛው። ኳሱ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ለአሰልጣኙ ስነግረው «ልምምድ ነው የሚቀርዎት» አለኝ። ጨዋታውን ከልቤ እወደዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የትምህርቱ?

የሜዳ አሰልጣኝ፦
የእርስዎ አይደለም። ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ ዱላ አላስይዘውም። ወንበር ላይ አስቀምጬ ትከሻውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አስዞረዋለሁ። የሚያመው ቦታ ካለ እጠይቃለሁ። ከዚያ አሥር ኳስ ሲመታ ዝም ብዬ አያለሁ። ኳሱ ብዙ ይነግረኛል።

የእርስዎ ኳስ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ትከሻዎ ስላልዞረ ብቻ አይደለም። ዱላው ኳሱን ሲነካ ፊቱ፣ ዱላው ከሚሄድበት መስመር ይልቅ ወደ ቀኝ ስለሚከፈት ነው። ስለዚህ ከወገብዎ በፊት አያያዝዎን ይዩ። ሁለቱንም እጆች ዱላው ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዙሯቸው፤ ወደ ታች ሲያዩ ከግራ እጅዎ ሁለት ወይም ሦስት የጣት አንጓዎች ይታዩዎት። ለዳሌዎ ደግሞ የቀኝ እግርዎን ጣቶች ጥቂት ወደ ውጭ ይክፈቱ። ተረከዝዎም ከተነሳ ይነሳ! ታዋቂው ጎልፍ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስ የግራ ተረከዙን እያነሳ ነው 18 ትልልቅ ውድድሮችን ያሸነፈው። ዱላው ወደ ላይ ሲወጣ ወገብዎ «በቃ» ያለበት ቦታ ላይ ያቁሙ።

ይህን ምክር ግን ኳሱ ወደ ግራ ለሚጠመዘዝበት ጓደኛዎ እንዳይሰጡት። ሌላው ታላቅ ተጫዋች ቤን ሆጋን በዚያው በግራው ችግር ተሰቃይቶ አያያዙን ወደ ተቃራኒው ነው የቀየረው። የእሱ መድኃኒት ለእርስዎ መርዝ ነው።

ግራኝ፦
ጋሼ፣ እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። «ለእያንዳንዱ የራሱ» ሲባል ሕግ የለም ማለት አይደለም። ጎልፍ ተጫዋቹ ጂም ፊውሪክ ዱላውን ሲያነሳና ሲያወርድ መንገዱ በጣም ይለያያል፤ ሲያዩት ግራ ያጋባል። ግን ኳሱ ጋ ሲደርስ የዱላው ፊት ቀጥ ያለ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ ዙር (18 ጉድጓድ) በ58 ምት ብቻ ጨርሷል። መድረሻው ለሁሉም አንድ ነው፣ መንገዱ ነው የሚለያየው። ስለዚህ አሰልጣኝዎን ከመተውዎ በፊት አንድ ሰዓት ብቻዎን እንዲያይዎት ይጠይቁት። በቡድን መሃል የሁሉንም ወገብ ማየት ይከብዳል።

ዘግይቶ ጀማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። በ7 ቁጥር አይረን (ለመካከለኛ ርቀት የሚሆን የብረት ዱላ) 30 ኳስ መታሁ። አያያዙ መጀመሪያ ጫማ በተሳሳተ እግር እንደማጥለቅ ነው የሆነብኝ። ከአሥረኛው በኋላ ግን ኳሱ ቀጥ ማለት ጀመረ፤ ሁለቱ እንዲያውም ወደ ግራ ዘወር አሉ። በሦስት ዓመት አይቼው አላውቅም! ርቀቱ ቀንሷል፣ ወገቤ ግን ዝም ብሏል። በድራይቨሩ (ለሩቅ ምት በሚሆነው ረጅም ዱላ) ስመታ ግን ኳሱ አሁንም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለአሰልጣኙ ደውዬ ሐሙስ ብቻዬን ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የወንበሩንም ነገር እነግረዋለሁ።