የ25 ዩሮ ትኬት ስንት ኪሎ ካርቦን አለው?

ሰገነት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከበርሊን ሮም ለሚበር አንድ መንገደኛ አንዱ የካርቦን ማስሊያ 90 ኪሎ ገደማ ይላል፣ ሌላው 160። የቱ ነው ልክ? ርካሾቹ አየር መንገዶች የባሰ ይበክላሉ የሚባለውስ እውነት ነው?

ዳሞት፦ ማስሊያውን ተወውና ከነዳጁ ጀምር። መንገዱ 1,180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 189 ወንበር ያለው ቦይንግ 737-800 ለዚህ በግምት 5 ቶን ኬሮሲን ያቃጥላል። አንድ ኪሎ ኬሮሲን ሲነድ 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል (ከራሱ የሚከብደው ከአየር ኦክስጅን ስለሚጨምር ነው)። ድምሩ 15.8 ቶን። 170 ሰው ከተሳፈረ ለአንዱ 93 ኪሎ ይደርሰዋል፤ 120 ብቻ ከሆኑ 132።

ስለዚህ በነፍስ ወከፍ ርካሾቹ ይሻላሉ እንጂ አይብሱም። ወንበር ያጠጋጋሉ፣ ቢዝነስ ክላስ የላቸውም፣ ሞልተው ነው የሚነሱት። ጣጣው ዋጋው ነው፤ ትኬቱ ባይረክስ ከቤቱ የማይነሳውን ሰው ሁሉ ያስነሳል።

ጠል፦ 160 ያለውም አልተሳሳተም፣ ከካርቦኑ ሌላ በረራው የሚያመጣውን ሙቀት ለመደመር 93ን በ1.7 አባዝቶ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ፣ እርጥበት በጠገበ አየር ውስጥ በረዶ ይሆንና ከኋላ ነጭ መስመር ይሠራል። መስመሩ ሲሰፋ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ያፍናል። ቀን ላይ የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልስ በከፊል ይካካሳል፣ ሌሊት ግን ማፈን ብቻ ነው። ማባዣውን ለአንድ በረራ መጠቀም ግን አይጥመኝም፦ የጉዳቱን ትልቅ ድርሻ የሚይዙት ጥቂት በረራዎች ናቸው፣ የቀሩት መስመራቸው ወዲያው ይጠፋል።

ሰገነት፦ ገባኝ። ታዲያ እንዴት ሊረክስ ቻለ?

ዳሞት፦ አንዱ ምክንያት ግብር ነው። 5 ቶን ማለት 6,250 ሊትር ነው፣ ለአንድ ሰው 37 ሊትር ገደማ። ጀርመን ውስጥ በቤንዚን ላይ ያለው የኃይል ግብር በሊትር 65 ሳንቲም ነው። ኬሮሲኑ እንደዚያ ቢቀረጥ ለአንድ መንገደኛ 24 ዩሮ ይመጣል፤ ትኬቱን አከለ ማለት ነው። የአየር መንገዶች ኬሮሲን ግን ነፃ ነው። የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት አውሮፕላኑ በራሱ ታንክ ይዞት የመጣውን ነዳጅ ከግብር ነፃ አደረገ፣ አገሮች ደግሞ በየጊዜው በተዋዋሉት ውል ማረፊያው ላይ የሚሞላውንም ጨመሩበት።

ጠል፦ ለፍትሕ ያህል፣ ጀርመን ከ2011 ጀምሮ በመንገደኛ የምትሰበስበው ግብር አለ። ግን የሚቆጠረው ሰው እንጂ ሊትር ስላልሆነ ነዳጅ የሚቆጥበውም የሚያባክነውም እኩል ይከፍላሉ። በአውሮፓ ውስጥ ለሚደረግ በረራ ከ2012 ወዲህ ለሚለቀቀው ካርቦን ፈቃድ መግዛትም ግዴታ ሆኗል፤ ለዓመታት ብዙው በነፃ ይታደል ነበር እንጂ።

ሰገነት፦ ትኬት ሲቆረጥ «2 ዩሮ ጨምረህ ካርቦንህን አካክስ» የሚለውስ?

ዳሞት፦ ብዙ ጊዜ ዛፍ ተከላ ነው። ችግኝ 93 ኪሎ ለመሳብ ዓመታት ይፈልጋል፣ በመሃል ከደረቀ ወይም ከተቃጠለ የከፈልከው ባዶ ነው። አማራጭ ነዳጁም ገና ነው፦ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለ2025 ያስገደደው ከሚሞላው ነዳጅ 2 በመቶውን ብቻ ነው፣ ለ2030 ደግሞ 6። ሮም በዓመት ሦስት ቅዳሜና እሁድ ከመሄድ አንዴ ሄደህ ሳምንት ብትቆይ ደርሶ መልሱ ከ558 ኪሎ ወደ 186 ይወርዳል። መሸጋገሪያ ያለውን ትኬት ርካሽ ቢሆንም ተወው፤ በደቂቃ ሲታሰብ ነዳጁ በብዛት የሚነደው ሲነሳና ሲወጣ ነው፣ እሱን ሁለቴ ትከፍላለህ።