የሞተር ጀልባው ግዢ ረቂቅ ዕቅድ፦ የአባላት ውይይት

ጸሐፊ፦
ባለፈው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት ረቂቁ ይኸው። ዝዋይ የታየውን ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያገለገለ የፋይበርግላስ ጀልባ ማኅበሩ በ420 ሺህ ብር ይገዛል፤ ጀልባው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው አሞራ ገደል እየተነሣ ጎብኚዎችን ጉማሬ ወደሚታይበት ዳርቻ ያመላልሳል፤ ገቢው በየሦስት ወሩ ለአባላት ይከፋፈላል። ሻጩ ከወሩ መጨረሻ በላይ እንደማይጠብቅ ስለተናገረ፣ አስተያየት ያለው እስከ ዓርብ ያቅርብ።

ገንዘብ ያዥ፦
በባንክ ያለን 460 ሺህ ብር ነው። ረቂቁ ስለ ጥገና፣ ስለ ነዳጅና ስለ ሕይወት አድን ጃኬት አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። በወፍጮው ጊዜም መግዣውን ብቻ አስበን ነበር፤ ድንጋዩን ማስወቀሪያ አጥተን የተዘጋው እንዴት እንደሆነ አሁን መተረክ አያስፈልገኝም።

ጋራዥ ያለው አባል፦
ነገሩን ከመኪና ግዢ ጋር አታመሳስሉት። ያረጀ ጀልባ ሲገዛ ከሞተሩ በፊት መታየት ያለበት ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው። በብዙዎቹ የቆዩ ጀልባዎች በፋይበሩ መካከል እንጨት ስላለ፣ በብሎን ቀዳዳ ሰርጎ የገባ ውሃ ቀለሙ ከውጭ አምሮ እየታየ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ግድግዳው በመዶሻ እጀታ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ፣ ወይም ሞተሩ ሲነቀነቅ አብሮ ከተወዛወዘ፣ በነፃ ቢሰጡንም መውሰድ የለብንም።

ሞተሩ ቱ ስትሮክ ነው፤ የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየር የማመቅ ኃይላቸው፣ ተለክቶ እርስ በርስ ከአሥር በመቶ በላይ መበላለጥ የለበትም። ከታች ያለው የካምቢዮ ዘይት ሲቀዳ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ሲነሣም ማቀዝቀዣው ውሃ በጎን በኩል በደንብ መፍሰስ አለበት፤ በውሃ ፓምፑ ውስጥ ያለችው የጎማ ማራገቢያ ዋጋዋ ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ ሳትቀየር ከቆየች ግን ሞተሩን በሙሉ ታቃጥላለች። ሐይቃችን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነና አየሩ ስለሚሳሳ፣ አርባ የተባለው ጉልበት እዚህ ከ33 ወይም ከ34 ብዙም አያልፍም፤ ሰው ጢም ብሎ ሲጫን እንዳይደክም ፕሮፔለሩ መቀየር ሊኖርበት ይችላል። ቅዳሜ ዝዋይ ሄጄ ላየው እችላለሁ፤ የሚወስደኝ መኪና ብቻ ይገኝ።

መኪና ያለው አባል፦
ቅዳሜ እኔ እወስድሃለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ስለ ሞተሩ የተባለው ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በፎቶግራፉ ላይ ጀልባው ጣራ የለውም። በሐዋሳ ጠራራ ፀሐይ እናቱንና ልጆቹን ይዞ የመጣ ጎብኚ፣ ጥላ ያላቸው ጀልባዎች ከጎን ቆመው እያየ የእኛን ይመርጣል ብላችሁ ታስባላችሁ? ጣራ በረቂቁ ካልገባ ድምፄን አልሰጥም።

ዓሣ አስጋሪው፦
መምህር፣ ጣራ ነፋስ ይይዛል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲነሣ ምን እንደሚመስል ከዳር ሆነው ሳይሆን ከመሐል ሆነው ቢያዩት ይህን አይጽፉም ነበር። ጀልባው ጠባብ ነው፤ ከላይ ክብደት ሲጨመርበት ይወላገዳል።

ጡረተኛው መምህር፦
ሐይቁን ከአንተ ዕድሜ በላይ አውቀዋለሁ። የሸራ ጣራ ነው ያልኩት እንጂ ቤት ሥሩበት አላልኩም።

ሻይ ቤት ያላት አባል፦
ሸራ በአንድ ክረምት ይቀደዳል። ላሜራ ይሁን።

ዓሣ አስጋሪው፦
ላሜራ! እንግዲያው ጉማሬውን አትፍሩ፤ የሚገለብጣችሁን ራሳችሁ እየገዛችሁ ነው።

ሻይ ቤት ያላት አባል፦
ባለፈው ዓመት መዋጮውን ሦስት ወር ያዘገየ ሰው ስለ ማኅበሩ ንብረት እንዲህ ሊያሾፍብን አይገባም።

ዓሣ አስጋሪው፦
መዋጮዬን ከነቅጣቱ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ገንዘብ ያዡ ዘንድ አለ። እንዲህ ከሆነ ጀልባውን የሚነዳላችሁ ሰው ፈልጉ።

ገንዘብ ያዥ፦
ከፍሏል። ይህ ጉዳይ እዚህ ይብቃ። ለጣራም፣ ላሜራም ሆነ ሸራ፣ የተመደበ ገንዘብ የለም።

ጸሐፊ፦
የሸራው ጣራ ታጣፊ ቢሆንና ነፋስ ሲመጣ ቢወርድ ሁለቱንም ወገን አያስማማም?

ጡረተኛው መምህር፦
ያስማማል።

ዓሣ አስጋሪው፦
ማዕበል ላይ ሆኖ መሪ ይዞ ሸራ የሚያጥፈው ማን ነው? ረዳት ልትቀጥሩልኝ ነው? ለማንኛውም ትናንት በቁጣ ተናግሬአለሁ፤ መምህር ይቅር ይበሉኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
እኔም ቃሌ ከብዶ ነበር። አንድ ነገር ላቅርብ። ጎብኚው ፀሐይ የሚመታው ጀልባው ላይ ብቻ አይደለም፤ ዳር ላይ ቆሞ ተራ ሲጠብቅም ነው። ጥላው በየብስ ቢሠራ ከነፋሱም ከክርክሩም እንድናለን።

ሻይ ቤት ያላት አባል፦
በዚህ እስማማለሁ። ከሥሩ ወንበርና የቡና ረከቦት ሊቀመጥበት ስለሚችል፣ ጀልባው ሥራ ባይኖረውም ቦታው ገቢ ያስገባል።

ጸሐፊ፦
ዝዋይ የሄዳችሁት ስለ ጀልባው ምን አያችሁ? ሰኞ ነው፤ ሁለታችሁም ስልክ አታነሡም።

ገንዘብ ያዥ፦
አልሄዱም። ባለመኪናው ልቅሶ ነበረበት አሉ፤ ጋራዡ ደግሞ ቅዳሜ ክፍት ሆኖ አይቼዋለሁ።

ጋራዥ ያለው አባል፦
መኪናው ካልመጣ በእግሬ ልሂድ? ሌላውን ተዉትና ይህን ግን አትርሱ፤ ጀልባ በክረምት መጠለያ ከሌለው ዝናብ ይሞላዋል፣ የነገርኳችሁ እንጨትም የሚበሰብሰው በዚሁ ነው፤ ፀሐዩም ፋይበሩንና የነዳጅ ቱቦዎቹን ያደርቃል።

ጡረተኛው መምህር፦
እንግዲያውስ መጠለያው ለጀልባውም የግድ ነው።

ጸሐፊ፦
የተሻሻለው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦ ማኅበሩ በሐይቁ ዳር፣ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ከፈቀደ፣ ስምንት በአምስት ሜትር የሆነ መጠለያ ይሠራል፤ ግማሹ ለጀልባ፣ ግማሹ ለተራ ጠባቂዎችና ለቡና ይሆናል፤ ለዚህም 180 ሺህ ብር ይመደባል። ጀልባው በባለሙያ ከታየ በኋላ በቀሪው ገንዘብና በተጨማሪ መዋጮ ይገዛል።

ገንዘብ ያዥ፦
ቀሪው 280 ሺህ ነው፤ ሻጩ የሚጠይቀው 420 ሺህ። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ዓሣ አስጋሪው፦
በ280 ሺህ የሚገኘው ቀዛፊ ጀልባ ነው። እርሱ ደግሞ እኔ ዘንድ አለ።

ሻይ ቤት ያላት አባል፦
የመጠለያው ቆርቆሮ ስሱ ባለ 35 ጌጅ ነው ወይስ ወፍራሙ ባለ 32? በረቂቁ አልተጻፈም።

ጡረተኛው መምህር፦
ባለ 32 ካልሆነ አልፈርምም።