የፋየርቦል በትሩ ጦርነቱን በ4 ዙር ጨረሰብኝ፣ ለከበባው ምን ላድርግ?

ባለ20ፊት፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገጸ ባሕርይ እየሆኑ በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ) 5ኛውን እትም ነው የምንጫወተው፣ ታሪኩንና ጠላቶቹን የማጫውተው እኔ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ደግ ልሁን ብዬ ለአስማተኛዋ የፋየርቦል (የሚፈነዳ የእሳት ኳስ) መወርወሪያ በትር ሰጠኋት። ዋሻ ውስጥ ከ6 ጎብሊን ጋር ሲሆን እኮ ምንም ችግር አልነበረውም።

ባለፈው ግን ሜዳ ላይ 300 የጠላት ወታደር አሰለፍኩ። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ጦርነት ነው፣ የሻለቆቹን ስም ሳይቀር ጽፌ ነበር። አስማተኛዋ ኮረብታ ላይ ወጣች፣ በትሩን አወጣች፣ በ4 ዙር ግማሹ አለቀ፣ የተረፈው ፈረጠጠ። በጨዋታው ሰዓት 24 ሰከንድ መሆኑ ነው! ጦረኛችን ሰይፉን እንኳን ሳይመዝ ስልኩን ሲነካካ አመሸ።

አሁን ከበባ እየመጣ ነው። ከተማዋን የሚጠብቁት 400፣ ከውጭ የሚመጡት 2000። በትሩን በሌባ ላሰርቀው? ወይስ ጠላት ሁሉ እሳት የማይነካው ነው ልበል? ሁለቱም ደስ አላሉኝም።

ቀስተኛዋ፦

እባክህ እንዳታሰርቀው! እኔ ላይ ተደርጓል። ስድስት ወር ለፍቼ ያገኘሁት የሚነፋ የአስማት ቀንድ ነበረኝ፣ ከትልቁ ጦርነት በፊት በነበረው ሌሊት «ጠዋት ስትነሺ የለም» ተባልኩ። ዳይስ እንኳን አልተጣለም። ከዚያ በኋላ ጥሩ ዕቃ ባገኘሁ ቁጥር መቼ እንደሚወሰድብኝ ነበር የማስበው። እሳት የማይነካው ጦርም ያው ስርቆት ነው፣ ስሙ ተቀየረ እንጂ።

ደግሞ ልጠይቅህ፣ ያ 300 ሰው ለምን ተጠጋግቶ ቆመ?

ሒሳብ_ወዳድ፦

ቀስተኛዋ ያለችው ልክ ነው፣ ቁጥሩን ላስቀምጠው። ፋየርቦል ከመሀሉ በየአቅጣጫው 20 ጫማ ይሸፍናል። አንድ ወታደር በ5 ጫማ ካሬ ከቆመ አንዱ እሳት 50 ሰው ገደማ ያገኛል። ጉዳቱ በአማካይ 28 ነው፣ ሴቭ ላደረገ (ዳይስ ጥሎ ከእሳቱ በከፊል ላመለጠ) ግማሹ 14። ተራ ዘበኛ ያለው ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ደግሞ 11። ስለዚህ ሴቭ አደረገ አላደረገ ብዙ ለውጥ የለውም፣ ይሞታል። ያንተ በትር 7 ቻርጅ አለው (አንዱ ቻርጅ አንድ ፋየርቦል ነው)፣ ተጠጋግቶ የቆመ 350 ሰው ማለት ነው።

አሁን እነዚያኑ ሰዎች በ10 ጫማ ርቀት በትናቸው። አንዱ እሳት የሚያገኘው 12 ወይም 13 ሰው ይሆናል። ከዚህ በፊት ፋየርቦል የቀመሰ የጦር መሪ ሌላ ምን ያደርጋል?

ሌላው ርቀቱ ነው። ፋየርቦል 150 ጫማ ነው የሚሄደው፣ ትልቁ ቀስት ግን እስከ 600። ከሩቅ ሲወረወር በዲስአድቫንቴጅ ነው (ዳይሱ ሁለቴ ተጥሎ ትንሹ ይወሰዳል)፣ ይሁን። የሷ ኤሲ (እሷን ለመምታት መድረስ ያለበት ቁጥር) 15 ነው እንበል፣ ቀስተኞቹ ደግሞ ዳይሳቸው ላይ የሚደመር ፕላስ 3 አላቸው። 100 ቀስተኛ አንድ ጊዜ ቢለቅባት 20 ፍላጻ ያገኛታል፣ እያንዳንዱ 5 ገደማ ጉዳት አለው፣ ድምሩ 100። ሁለተኛ ዙር አያስፈልግም።

ባለ20ፊት፦

እሱማ ገባኝ፣ ግን በመጀመሪያው ዙር ከገደልኳት እሷም ስልኳን ልታወጣ ነው 😅

የድሮ_ተጫዋች፦

አትገድላትም። ቀስተኞቹ እንዳሉ አስቀድመህ አሳያት፣ የቀረውን ራሷ ታስብበታለች።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 ከመውጣቱ በፊት ቼይንሜይል የሚባል የጦርነት ጨዋታ ነበር፣ ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን በ1971 ያወጡት። እዚያ አንዷ ትንሽ የወታደር ቅርጽ 20 ሰው ትወክላለች፣ የአስማተኛው ፋየርቦል ደግሞ የሚሸፍነው ቦታ ከትልቁ ድንጋይ ወርዋሪ ማሽን እኩል ነበር። እንግዲህ ይሄ እሳት ከዋሻው በፊት የጦር ሜዳው ዕቃ ነው። እኔ እስከዛሬ የማየው እንደ መድፍ ነው። መድፍ ብቻውን ሜዳ ላይ አይቆምም። የሚከልለው ይፈልጋል፣ ጥይቱ ያልቃል፣ ጠላትም ከሁሉም በፊት እሱን ነው የሚፈልገው።

ለከበባው ጥይቱ ላይ ስራ። የበትሩ ቻርጅ የሚመለሰው ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው፣ ያውም አንድ ዲ6 (ባለ6 ፊት ዳይስ) ሲደመር 1። እኔ ጠላትን ብሆን ልክ ሲመሽ መሰላል የያዙ 60 ሰዎችን ችቦ አብርተው፣ እየጮሁ፣ ተበታትነው ወደ ግንቡ እንዲሮጡ አደርጋለሁ። ያቺ ልጅ ታቃጥላቸዋለች ወይስ ትተዋቸዋለች? እኩለ ሌሊት ላይ እደግመዋለሁ። ዋናው ጦር የሚነሳው ሊነጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው፣ በትሩ ውስጥ ስንት እንደቀረ እሷ ብቻ ታውቃለች። ያን ሌሊት ማንም ስልክ አይነካም።

ጦረኛውም ስራ ያገኛል። እሷ ከግንቡ ጥርስ ጀርባ ወጥታ ወርውራ እስክትመለስ ጋሻ የሚይዝላት ማነው? መሰላሉ ግንቡ ላይ ሲደርስስ? ጠላት አንዴ ግቢ ከገባ እሳቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም፣ ማንም ያልያዘውን ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ ያነዳል። ጣሪያውን፣ ጋሪውን፣ ድርቆሹን።

ቀስተኛዋ፦

ይሄ ይመቻል። አንድ ልጨምር፣ ለጠላትም የሆነ ነገር ስጠው፣ ግን አደጋ ያለው ይሁን። እኔ የተሰረቅኩት የሚያፈነዳው ቀንድ ነበር፣ ወደፊት 30 ጫማ ድረስ በድምፅ የሚመታው። በተነፋ ቁጥር ራሱ የመፈንዳት እድሉ 20 በመቶ ነው፣ ከፈነዳ ነፊው 10 ዲ6 የእሳት ጉዳት ይቀበላል። በር ሰባሪያቸው ይዞት ይምጣ። ድምፁ 600 ጫማ ድረስ ይሰማል፣ ስለዚህ ከየት በር እየመጣ እንደሆነ ተጫዋቾቹ ያውቃሉ፣ ሮጠው መድረስ የነሱ ፋንታ ነው። እና ዳይሱን ሁሉም እያየ ጣለው፣ አጫዋች ዳይሱን ከሚደብቅበት ስክሪን ጀርባ እንዳይሆን!

ባለ20ፊት፦

አመሰግናለሁ፣ በትሩ አይሰረቅም። የሐሰት ጥቃቱንም ቀንዱንም ወስጃለሁ። ቀስተኞቹን ዋናው ከበባ ሳይጀመር አንድ ፈረሰኛ መልእክተኛ ላይ ሲተኩሱ አሳያቸዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ አላየንም የሚል የለም።

የሚገርማችሁ አስማተኛዋ ትናንት ደውላ «7ኛውን ቻርጅ ብጨርሰው ምን ይሆናል?» አለችኝ። ዲ20 (ባለ20 ፊት ዳይስ) ትጥያለሽ፣ 1 ከመጣ በትሩ አመድ ይሆናል አልኳት።

ቀስተኛዋ፦

እና ምን አለች?

ባለ20ፊት፦

አዲስ ዳይስ ልትገዛ ነው።