«ወረቀት ከሌለሽ የት ትደርሻለሽ?»

አስተባባሪ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ትናንት ማታ አንዲት እህታችን እዚህ ቡድናችን ላይ የጻፈችውን አንብባችሁ ግማሻችሁ ተናደዳችሁ፣ ግማሻችሁ ለአሠሪዋ አዘናችሁ። ስለዚህ ጉዳዩን ለብቻው እናውጣው። ሄርማታ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ 1 ዓመት ከ4 ወር አስተናግዳለች። ውል አልፈረመችም። ትሪ ከእጇ ወደቀ፣ ብርጭቆ ተሰበረ። ከ2,400 ብር ደሞዟ 1,200 ተቆረጠ። «ምነው ግማሹን?» ብትል «ነገ እንዳትመጪ» ተባለች። «ወረቀት ከሌለሽ የት ትደርሻለሽ?» ተብላ ወጣች። ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው፦ አራት ሰው የሚሠራበት ካፌ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካ ጋር በአንድ ሕግ መገደድ አለበት ወይ? የካፌውን ስም የሚጠራ ይወጣል። ስድብም የለም።

ባለካፌዋ፦ እኔ ልጀምር። የልጅቷ አሠሪ ባልሆንም እኔም ካፌ አለኝ፣ መሰደቤ አይቀርም። ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል። መብራት ሲጠፋ የማሽኑ ቡና ይቆማል፣ ደሞዝ ግን አይቆምም። አምና አንዷን ልጅ ማኪያቶ ማውጣት ከዜሮ አስተማርኳት። የዒድ ዋዜማ ስልኳን አጥፍታ ቀረች። ያን ቀን ራሴ ሽርጥ አስሬ ሳስተናግድ ዋልኩ። ያኔ ማን «የአሠሪ መብት» አለ? ፋብሪካ ጠበቃ አለው፣ የሰው ኃይል ክፍል አለው። እኔ ያለችኝ አንዲት ደብተር ናት።

ሕግ ተማሪው፦ እትዬ፣ ልክ ነዎት። ሠራተኛም ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ዝም ብላ መቅረቷ ጥፋት ነው፤ ካሳም ሊያስጠይቃት ይችላል። ግን የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ 1156/2011፣ «ትንሽ ድርጅት» የሚባል ማምለጫ አላስቀመጠም። የሠራተኛው ቁጥር አራትም ይሁን አራት ሺህ፣ በደሞዝ ካሠሩ አሠሪ ነዎት።

ወረቀቱን በተመለከተ ደግሞ ሰዉ የተገላቢጦሽ ነው የያዘው። ውል በቃልም ይሆናል። በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው ነው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት ያለበት። ባይሰጥ የሠራተኛው መብት አይቀርም። አሠሪው ራሱ ያልሰጠውን ወረቀት «የለሽም» ብሎ መከራከሪያ ያደርገዋል እንዴ?

የመንቲና ልጅ፦ 😂😂 በላ መልስ!

ጋሼ ቡና፦ እኔ በዚች ከተማ ቡና ስነግድ ጸጉሬ ሸብቷል። ድሮ ቃል ውል ነበር። አሁን ሁሉም በወረቀት ሲሆን መተማመን ጠፋ። መጋዘን ለቃሚ ሴቶች በኪሎ ነው የምንከፍላቸው። ቡናው ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። እነሱንም ቋሚ አድርጉ ልትሉን ነው?

ሕግ ተማሪው፦ አይደለም ጋሼ። የወቅት ሥራ ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ መዋዋልን ሕጉ ይፈቅዳል። የአስተናጋጇ ግን እንደዚያ አይደለም። ማኪያቶ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል! «ጊዜያዊ ነሽ» ስላሏት ብቻ ጊዜያዊ አትሆንም። ለቃሚዎቹም በኪሎ ስለተከፈላቸው ሠራተኛ መሆናቸው አይቀርም።

ለቃሚዋ፦ ጋሼ፣ እኔ ከእነሱ አንዷ ነኝ። ቋሚ አድርጉኝ አላልኩም። ሚዛኑን ግን ዞሬ ልየው። ከመቀመጫዬ ሆኜ ቁጥሩ አይታየኝም፣ ሲጠሩት ብቻ ነው የምሰማው።

አስተባባሪ፦ (ጋሼ እዚህ ጋር ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።)

ባለካፌዋ፦ እሺ ውሉን ተዉት። ብርጭቆውን ማን ይክፈል? በወር አንድ ደርዘን ይሰበርብኛል።

ሕግ ተማሪው፦ የአዋጁን አንቀጽ 59 ይዩት። ከደሞዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቅድ፣ ወይ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ ሲሶ አይበልጥም። የ2,400 ሲሶ 800 ነው። እሷ ላይ የተቆረጠው ከተፈቀደም በላይ ነው፤ እዚህ ደግሞ የፈረመችው ነገር የለም። በዚያ ላይ የሰዓቱን ነገር ማንም አላነሳውም። እህቴ፣ ስንት ሰዓት ትሠሪ ነበር?

አስተናጋጇ፦ ጠዋት 12 ሰዓት እከፍታለሁ። ማታ 2 ሰዓት ነው የምወጣው። እሑድም አለሁ።

ሕግ ተማሪው፦ ይኸው! መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ያለው የቀን ሥራ በሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። የምትጨቃጨቁበት ብርጭቆ ከዚህ አንጻር ምንም አይደለም።

ባለካፌዋ፦ ይሄን ሁሉ ከፍዬ ማኪያቶውን ስንት ልሽጠው? አንተ ራስህ ትጠጣዋለህ?

የመንቲና ልጅ፦ እትዬ፣ ሒሳቡ የሚያዋጣው ልጅቷ በቀን ስድስት ሰዓት በነጻ ስትሠራ ብቻ ከሆነ፣ የካፌው ሸሪክ እሷ ናት ማለት ነው። ትርፉን አካፍሏት ያስብላል።

የአጂፕ ልጅ፦ ሁላችሁም አስተናጋጅ አስተናጋጅ ትላላችሁ። እናንተ ቤት እንጀራ የምትጋግረውስ? እሷ ዕረፍት አላት? ውል አላት? ሕግ ተማሪው፣ ንገረን።

ሕግ ተማሪው፦ ... የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ተብሎ ወጥቷል፤ የሥራዋ ሁኔታ ለብቻው በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ነው የሚለው። እኛም ቤት አለች። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ትመጣለች። ዕረፍቷ እሱ ነው።

ባለካፌዋ፦ አሃ!

አስተባባሪ፦ ይሄ ሌላ ቀን ራሱን ችሎ ይነሳል፣ ቃል እገባለሁ። አሁን ልጅቷን አንርሳ። ከተባረርሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?

አስተናጋጇ፦ 71 ቀን።

ሕግ ተማሪው፦ በይ ተነሺ! ወደ ሥራ መልሱኝ የሚለው ክስ በሦስት ወር ያልፍበታል። የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በስድስት ወር። በሕጉ መሠረት ከአንድ ዓመት በላይ ለሠራ ሰው የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው፤ «ነገ እንዳትመጪ» አይባልም። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለውም። ማመልከቻው በኦሮምኛ ነው የሚጻፈው። የዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እነሱ ይጽፉልሻል። መሥራትሽን የሚያሳይ ምን አለሽ?

አስተናጋጇ፦ ደሞዜ በቴሌብር ነበር የሚገባው። ሽርጡ አሁንም እኔ ጋ ነው፣ የካፌው ስም ተጠልፎበታል። «ነገ ቶሎ ክፈቺ» የሚል ብዙ የቴሌግራም መልእክትም አለኝ።

ባለካፌዋ፦ እንዳታጠፊው። ስልክሽ ቢጠፋስ? አሁኑኑ ለእህትሽ ላኪው።

አስተናጋጇ፦ እሺ እትዬ። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ። የቴሌብሩን ፕሪንት የሚያደርግ ቤት እዚህ ሰፈር አለ?

የአጂፕ ልጅ፦ አጂፕ ጋ ነይ፣ እኔ አደርግልሻለሁ። ከ3 ሰዓት በፊት ግን እንዳትመጪ፣ አልከፍትም።