ለሞተርሆም ምድጃ፦ ጋዝ ወይስ ኢንዳክሽን? ምጣዱስ?

የቨርጂንያው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ በመኪና እያደራችሁ መጓዝ የለመዳችሁ አግዙኝ። ከወንድሜ ጋር ሆነን ያገለገለ ሞተርሆም ገዝተናል፣ ነሐሴ ላይ የሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድበት ነው። መጀመሪያ ፊላደልፊያ ጎራ ብለን እህቴን እናነሳለን፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ መንዳት ነው። ስድስት ሰው ነን፤ ሁለቱ ልጆች ናቸው፣ እናቴም አለች።

መኪናው ላይ የነበረው ምድጃ አርጅቶ ስለነበር አስነቅለነዋል፣ ቦታው ባዶ ነው። ከስር የተገጠመ የፕሮፔን ጋዝ ታንክ አለው፤ ፍሪጁም ማሞቂያውም በሱ ነው የሚሠሩት። ባትሪው 200 አምፒር አወር ሊቲየም ነው፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ባለ 2000 ዋት ኢንቨርተር አለው። አንዱ ጓደኛዬ ጋዝ የድሮ ነገር ነው፣ ኢንዳክሽን (በማግኔት ድስቱን ራሱን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ) ግዛና ተገላገል ይለኛል። ሌላው ደግሞ ያቺ በቆርቆሮ በታሸገ ቡታን ጋዝ የምትሠራው የጠረጴዛ ምድጃ 30 ዶላር አካባቢ ናት፣ ምን ያስጨንቅሃል ይላል። እናቴ በበኩሏ የኤሌክትሪክ ምጣዴ ካልተጫነ አልሄድም ብላለች። "ፍልሰታን በሱቅ ዳቦ ልታስጾሙኝ ነው?" ነው የምትለኝ፣ እኔም መልስ የለኝም።

ድስትስ ምን ዓይነት ይሻላል? ስንትስ ይበቃል? ባለቤቴ ግማሹን ጓዳ ልትጭን ነው፣ እኔ ደግሞ የመኪናው ክብደት ያሳስበኛል።

ሳሚ ኤሌክትሪክ፦
እንኳን ደስ አላችሁ። ከምጣዱ ልጀምር፣ ሒሳቡ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና። እዚህ አሜሪካ በ120 ቮልት የሚሠሩት የቤት ምጣዶች ብዙዎቹ 1500 ዋት አካባቢ ይስባሉ። የእናንተ ባትሪ 200 በ12.8 ሲባዛ 2560 ዋት አወር ነው። እማማ አንድ ሰዓት ተኩል ከጋገሩ፣ ኢንቨርተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመርበት፣ ምጣዱ በየመሀሉ ራሱን ቢያጠፋ እንኳ ባትሪው ወደ ባዶ ይጠጋል። ማታ ደግሞ የውሃ ፓምፑና የማሞቂያው ፋን መብራት ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ 1500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሳብ ከ125 አምፒር በላይ ነው፤ ቀጭን ገመድ ይህን አይችለውም፣ ይግላል። ኢንቨርተሩን የገጠመላችሁን ሰው የገመዱን ውፍረት ጠይቁት፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ።

ካምፕ ገብታችሁ መብራት ከሰካችሁ ነገሩ ይቀላል። የ30 አምፒር መስመር 3600 ዋት ይሰጣል። ግን ኤሲው 1500 አካባቢ ሲወስድ፣ ምጣዱ ሌላ 1500 ሲጨምር፣ አንዱ ልጅ ደግሞ ማይክሮዌቭ ሲከፍት ብሬከሩ ይወርዳል። ከዚያ በጨለማ የብሬከር ሳጥን ፍለጋ ነው።

ኢንዳክሽንን ግን አልጠላውም። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት 120 ዋት አወር አካባቢ ነው የሚበላው፣ ይኼ ምንም ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ ጢስ የለ፣ ልጅ እሳት ይነካል ብሎ ስጋት የለ። ችግሩ ለስድስት ሰው ጠዋት ማታ፣ መብራት በሌለበት ቦታ፣ ደመና ባለበት ቀን ሲሆን ነው። ታንኩ አስቀድሞ ስላላችሁ እኔ ብሆን ባዶው ቦታ ላይ ባለ ሁለት እሳት የፕሮፔን ምድጃ በባለሙያ አስገጥሜ፣ የጋዝ ማፍሰስ ፍተሻ አስደርጌ፣ አንዲት ተንቀሳቃሽ ኢንዳክሽን ደግሞ መብራት ለሚገኝባቸው ካምፖች እይዝ ነበር። ሁለት ማንቂያ እንዳትረሱ። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ ስለዚህ የጋዙ ማንቂያ ታች ይሁን። የካርቦን ሞኖክሳይዱ (ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ) ሌላ ነው፣ እሱን መኝታው አካባቢ። የጀርባውን ቀን እዩት፣ እነዚህ ነገሮች ዕድሜ አላቸው፣ በአሮጌ መኪና ላይ ያለው ጊዜው ካለፈ ቆይቶ ይሆናል።

ቤቲ ዘ ዴንቨር፦
ሳሚ ስለ ዋቱ ጨርሶታል። እኔ ስለ ምግቡ ልናገር፣ ምድጃ የሚመረጠው በሚሠራው ምግብ ነው፣ ሰው ግን ሁሌ ገልብጦት መጀመሪያ ዕቃ ይገዛል።

ወንድሜ፣ ለእማማ እንዲህ በላቸው። እንጀራው እቤት ይጋገር፣ ግማሹ ይታሸግና ፍሪዘር ይግባ፣ ሌላው ድርቆሽ ይሁን። ድርቆሽ ለዚህ ለዚህ የተፈጠረ ነገር አይደለም እንዴ? ቦታ አይፈጅ፣ አይሻግት፣ ፍሪጅ አይፈልግ። ለጾሙ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፋችሁ ስልስ ሠርታችሁ ትፈተፍቱታላችሁ፣ ለማይጾመው ደግሞ ቋንጣ ያዙ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመንገዱ። አያቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ ስንቅ ያውቁ ነበር፣ እኛ ነን መኪና ይዘን የተቸገርነው።

ሁለተኛ፣ ሽንኩርቱን መኪና ውስጥ አታቁላሉት። የምሬን ነው። ሽንኩርትና በርበሬ አንድ ሰዓት ሲቁላላ ሽታው ፍራሹ ውስጥ ይገባል፣ መጋረጃው ውስጥ ይገባል፣ እስከ መስከረም አይወጣም። ቁሌቱን እቤት በትልቅ ድስት ሥሩ፣ በዚፕ ከረጢት በስሱ ዘርጉና አስተኝታችሁ አቀዝቅዙት። ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚደርቅ እንደ መጽሐፍ ይደረደራል፣ ኩለር ውስጥም በረዶ ሆኖ ያገለግላል። ማታ ካምፕ ስትደርሱ አንዱን ድስት ውስጥ መጣል፣ ምስር ወይ ሽሮ መጨመር፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እራት ቀረበ።

በዚህ አካሄድ ሦስት ድስት ይበቃችኋል። አንዱ የሽሮ፣ ግድግዳው ከፍ ያለና ታቹ ወፍራም ይሁን፣ አለበለዚያ ሽሮው ሲንተከተክ ጣሪያው ድረስ ይረጫል። አንድ ሰፋ ያለ ለልጆቹ ፓስታ። አንድ ትንሽ ፕሬሸር ኩከር፣ ያ በታመቀ እንፋሎት ቶሎ የሚያበስለው ድስት። መጥበሻ አንድ። እጀታቸው የሚነቀልና አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ቦታው ግማሽ ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔት ታቹ ላይ አስጠጉ፤ ከያዘ ኢንዳክሽን ላይም ይሠራል። አልሙኒየም አይሠራም፣ ሸክላም አይሠራም፣ የእማማ የሸክላ ድስት እቤት ይቅር። ብርጭቆም እንደዚሁ።

አሁን ዋናው። የ30 ዶላሯ የቡታን ምድጃ መጥፎ አይደለችም፣ እኔም አለችኝ፣ ውጭ ጠረጴዛ ላይ ጥሩ ናት። ግን ቆርቆሮው የሚቀመጠው ከእሳቱ ጎን ነው። እላይዋ ላይ ሰፊ ምጣድ ወይም ትልቅ መጥበሻ ከጣድሽባት ጠርዙ አልፎ ቆርቆሮው ያለበትን ክዳን ይሸፍነዋል፣ ሙቀቱ ወደ ታች ይመለሳል፣ ቆርቆሮው ይግላል፣ ከዚያ ሊፈነዳ ይችላል። ለነፋስ ብሎ ዙሪያዋን በፎይል መጠቅለልም ያው ነው። እማማ ምጣድ ይቅር ሲባሉ "እንግዲያው በዚች ልጋግር" እንዳይሉ ብዬ ነው።

ዝም ብዬ ነው፦
ሰዎች ለዕረፍት ነው ወይስ ለምግብ ቤት ሥራ የምትሄዱት? ሳንድዊች ብሉ፣ ማታ ሬስቶራንት ግቡ፣ አለቀ።

ቤቲ ዘ ዴንቨር፦
ለስድስት ሰው ሁለት ሳምንት ሬስቶራንት? አንተ ክፈልላቸዋ። ደግሞ በዚያ አገር የጾም ምግብ ስትጠይቅ ሰላጣና ጥብስ ድንች ነው የሚያመጡልህ።

ጋሽ ሹፌር፦
ልጆች፣ ጥሩ ተናግራችኋል። እኔ ትራክ ነጂ ነኝ፣ በዚያ መንገድ ብዙ ተመላልሻለሁ፣ ጥቂት ልጨምር።

የሎስቶን ነሐሴ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን አንዳንዴ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ቡታን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጋዝ መሆኑን ያቆማል፣ ቆርቆሮው ውስጥ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀመጣል፣ እሳቱ ሻማ ያክላል። ፕሮፔን እስከ 42 ከዜሮ በታች ድረስ ደንታ የለውም። የጠዋት ቡና ለሚወድ ቤተሰብ ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። የሎስቶን ሐይቅ ዳር ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ 2350 ሜትር አካባቢ። ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ቨርጂንያ ቶሎ የሚበስለው ሽንብራ እዚያ አልበስል ብሎ ጋዝ ይጨርሳል። እናትህ አዲስ አበባ ያደጉ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም። ቤቲ ፕሬሸር ኩከር ያለችው እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው። ምስር ክክ ከሆነ ግን ያለሱም ይሆናል።

ስለ መብራቱ፣ በፓርኩ ውስጥ ለሞተርሆም የሚሰካ መብራት ያለው ካምፕ ፊሺንግ ብሪጅ የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱም ቀድሞ ይያዛል። ሌላው ጋ ጄኔሬተር ቢኖራችሁም ወይ በሰዓት የተገደበ ነው ወይ ጭራሽ ክልክል ነው። ስለዚህ ኢንዳክሽኑን ዋና አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ድብ አለ ደግሞ። ምግብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምድጃው፣ ድስቱ፣ ኩለሩ፣ ታጥቦ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ካልተጠቀማችሁበት ውጭ ማሳደር ክልክል ነው። ሬንጀር፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ካየ ይቀጣል። ውጭ የምትጠቀሙበት ምድጃ እንግዲህ ቶሎ ተጣጥፎ የሚገባ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳው ይሁን።

የቨርጂንያው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ እርስዎንም ያክብርልኝ። ባለ ሁለት እሳቱን ፕሮፔን ለማስገጠም ወስነናል፣ ኢንዳክሽኗንም ወንድሜ አለችኝ ብሏል። ለእናቴ የቤቲን መልእክት ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ድርቆሽ የሚለው ላይ ስደርስ ዝም አለች፣ ጥሩ ምልክት ነው። አሁን ወደ ቡና ዞራለች። ጀበናና ከሰል ይዘን እንሂድ ነው የምትለው። ይሆናል?

ቤቲ ዘ ዴንቨር፦
ጀበናው ይሆናል። በጋዝ እሳት ላይ ዝግ አድርገሽ፣ ይቅርታ አድርገህ፣ ቀስ ብሎ ይፈላል፤ ታቹ ክብ ስለሆነ የምድጃው ብረት ላይ እንዳይንገዳገድ ጠፍጣፋ ብረት ነገር አስቀምጥበት፣ ማቶቱን አትርሳ፣ በመንገድ ላይ ፎጣ ጠቅልለህ ድስት ውስጥ ክተተው። መቁላቱ ግን ውጭ። ቤት ውስጥ ከቆላችሁ የጢስ ማንቂያው ካምፑን በሙሉ ይቀሰቅሳል። እኔ እቤት ቆልቼ ሳልፈጨው ነው የምይዘው፣ ካምፕ ላይ በእጅ መፍጫ። እማማ ለሽታው ብለው ካሉ አንድ እፍኝ ጥሬ ይያዙና ውጭ ይቁሉ።

ከሰሉን እርሱት። በበጋ ምዕራብ በኩል የእሳት እገዳ ሲወጣ መጀመሪያ የሚከለከለው እንጨትና ከሰል ነው፣ መዝጊያ ቫልቭ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የጠፋ የሚመስል ከሰል መኪና ውስጥ አስገብቶ መተኛት ገዳይ ነው። አመድ ለብሶም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታ የለውም፣ አትነቁም። በጋዙ ምድጃም ቢሆን ብርድ ነው ብላችሁ ቤት እንዳታሞቁበት፣ ስታበስሉም መስኮትና የጣሪያው መተንፈሻ ክፍት ይሁን።

ሳሚ ኤሌክትሪክ፦
እስማማለሁ። አንድ ነገር፣ ዕቃ ማጠቢያ ውሃችሁ ውስን ነው። ድስቱን ከማጠብህ በፊት በወረቀት ጠርገው። የሽሮ ድስት ያለዚያ ታንኩን ይጨርሰዋል።

ጋሽ ሹፌር፦
የረሳሁት። ፊላደልፊያ እሄዳለሁ ብለሃል። ጂፒኤስህ በ95 አውራ ጎዳና ወስዶ ባልቲሞር ዋሻ ውስጥ ሊያስገባህ ነው። ፎርት ማክሄንሪም ሆነ ሃርበር ተነል፣ እያንዳንዱ ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ያንተ ከስር የተገጠመው ታንክ ከዚያ ያልፋል። ቫልቩን ዘግቼዋለሁ ማለት አያድንህም። ድሮ ባልቲሞርን በሚከበው የ695 ቀለበት መንገድ ምሥራቅ በኩል በኪ ብሪጅ እንዞር ነበር፣ እሱ መጋቢት 2016 በኛ አቆጣጠር፣ ማርች 2024፣ መርከብ ገጭቶት ወድቋል። አሁን በ695 ምዕራብ በኩል ዙር፣ ታውሰን አካባቢ አድርገህ ከዋሻዎቹ ሰሜን በኩል 95ን ትይዘዋለህ። ጠዋት ከሰባት ሰዓት በኋላ ያ ቀለበት ይጨናነቃል፣ በፈረንጅ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ቀደም ብለህ ውጣ።